የኮምፔንሳቶው ጥያቄና ፕሮፌሰር ካንቶሮቪች

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1938 ዓ/ም በሌኒንግራድ ከተማ ኮምፔንሳቶ የሚሠራ ድርጅት ባለሙያዎች አንድ ችግር ይዘው ወደ ዩኒቨርሲቲው መጡ። ስምንት የግንድ መላጫ መኪናዎችና አምስት ዓይነት እንጨት ነበሯቸው። የመኪናዎቹ ፍጥነት እንደ እንጨቱ ዓይነት ስለሚለያይ፥ ሥራው እንዴት ቢከፋፈል ምርቱ እንደሚበዛ ለማወቅ ፈለጉ።

ጥያቄው የቀረበላቸው ሊዮኒድ ካንቶሮቪች የ26 ዓመት ወጣት ነበሩ። በ1912 ዓ/ም በሴንት ፒተርስበርግ ተወልደው፥ በ14 ዓመታቸው ዩኒቨርሲቲ ገብተው፥ በ22 ዓመታቸው ፕሮፌሰር ለመባል የበቁ ሰው ናቸው።

ነገሩን በቀላል ምሳሌ እንመልከተው። አንድ ዕቃ ከሁለት ክፍሎች የሚገጠም ነው እንበል። አንደኛው መኪና በሰዓት ከፊተኛው ክፍል 6 ወይም ከኋለኛው 3 ይሠራል፤ ሁለተኛው መኪና ከፊተኛው 3 ወይም ከኋለኛው 1 ብቻ ይሠራል። ሁለቱም ጊዜያቸውን እኩል ቢከፍሉ በሰዓት 2 ዕቃ ይገጠማል። ፈጣኑ የኋለኛውን፥ ዘገምተኛው የፊተኛውን ብቻ ቢይዙ ግን 3 ይሆናል። አንድም መኪና አልተገዛም፤ አንድም ሠራተኛ አልተጨመረም! መኪናው ስምንት፥ እንጨቱ አምስት ሲሆን ግን በመሞከር ብቻ የሚዘለቅ አይደለም።

ካንቶሮቪች ለእያንዳንዱ የምርት ዓይነት የማመዛዘኛ ቍጥር ሰጡ። እያንዳንዱ መኪና በዚያ ቍጥር ሲለካ የሚበልጠውን ሥራ ይይዛል፤ ቍጥሮቹም ሚዛኑ እስኪገጥም ድረስ ይታረማሉ። ዘዴውን በ1939 ዓ/ም በአንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተሙት። አሜሪካዊው ጆርጅ ዳንትዚግ ይህን ሳያውቁ በ1947 ዓ/ም ወደዚያው መንገድ ደረሱ።

ችግሩ የመጣው ከነዚያው ቍጥሮች ነው። ቍጥሮቹ ዋጋ ይመስሉ ነበር፤ በጊዜው የነበረው የመንግሥት ትምህርት ደግሞ የዕቃ ዋጋ ከጕልበት በቀር ሌላ ምንጭ የለውም ይል ነበር። እንዲህ ያለው ክርክር በስታሊን ዘመን ሰውን ለእስራት ሊዳርግ ይችል ነበር። ካንቶሮቪች በጦርነቱ መካከል በ1942 ዓ/ም ሐሳባቸውን ለአገር ኢኮኖሚ አስፋፍተው ቢጽፉም፥ የፕላን ባለሥልጣኖች አልተቀበሏቸውም። መጽሐፉም ለ17 ዓመት ያህል ሳይታተም ተቀመጠ። እሳቸው በዚህ መካከል በንጹሕ ሒሳብ ጥናት ተጠመዱ፤ ለኤሌክትሮኒክ ሒሳብ መኪናዎችም የፕሮግራም አጻጻፍ ዘዴ አወጡ። የሚያስደንቀው ግን የፋብሪካውን ነገር ፈጽመው አለመተዋቸው ነው። በሌኒንግራድ የባቡር ፉርጎ ፋብሪካ ብረት በቍጠባ የሚቈረጥበትን ዘዴ ሲያስገቡ ቍርጥራጩ አነሰ፤ ፋብሪካው ግን ቍርጥራጭ ብረት በኰታ ማስረከብ ነበረበትና ኰታውን ሳይሞላ ቀረ ይባላል።

መጽሐፉ በ1959 ዓ/ም ታተመ። ካንቶሮቪች ወደ ኖቮሲቢርስክ ተዛውረው ሠሩ፤ በ1965 ዓ/ም የሌኒን ሽልማት ተሰጣቸው። በ1975 ዓ/ም ከቻሊንግ ኩፕማንስ ጋር የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ዳንትዚግ ባለመጨመራቸው ብዙዎች አዘኑ፤ ከሁሉ ይልቅ ያዘኑት ግን ተሸላሚው ኩፕማንስ ራሳቸው ነበሩ።

ካንቶሮቪች በ1986 ዓ/ም በ74 ዓመታቸው በሞስኮ ዐረፉ።