ሪቻርድ ቶሪያኒ፤ ከባልንጀሮቹ ጋር የተካፈለው ዝና

አንድ ድልድይ ተሠርቶ በሚመረቅበት ቀን የብዙዎች ድካም በአንድ ሰው ስም ሲጠራ መስማት ለእኛ ለመሐንዲሶች እንግዳ ነገር አይደለም። የዚህን የስዊዘርላንድ ስፖርተኛ ሕይወት ለማኅበራችን አባላት ለማቅረብ ያነሣሣኝም ዝናው ከባልንጀሮቹ ስም ጋር ተያይዞ የኖረ ሰው በመሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ቢቢ» በሚለው የቁልምጫ ስሙ የታወቀው ሪቻርድ ቶሪያኒ በ1911 ሴንት ሞሪትዝ በምትባለው የተራራ ከተማ ተወለደ። በ1928 የክረምት ኦሊምፒክ በዚያችው ከተማ ሲደረግ፣ ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለ በበረዶ ላይ ሆኪ ለአገሩ ተሰልፎ የነሐስ ሜዳይ አገኘ።

በዚህ ጨዋታ ከግብ ጠባቂው ሌላ ሁለት ተከላካዮችና ሦስት አጥቂዎች ይሰለፋሉ። ጨዋታው እጅግ ፈጣን ስለሆነ አጥቂዎቹ ሦስት ሦስት ሆነው ይለዋወጣሉ። ስለዚህ አንዱ የሌላውን ሐሳብ አስቀድሞ ካላወቀ የግል ችሎታ ብቻውን ብዙ አይጠቅምም። ቶሪያኒ በዳቮስ ክለብ ከሐንስና ከፒክ ካቲኒ፣ ከሁለቱ ወንድማማቾች ጋር ተጣመረ። የሦስቱም የቤተ ሰብ ስም «ኒ» በሚል ድምፅ ስለሚያልቅ ሕዝቡ «የኒ አጥቂዎች» ብሎ ሰየማቸው። ስያሜው ማንንም ከማንም አላስበለጠም። የአንዱ ስም ሲነሣ የሦስቱም ይነሣ ነበር።

ስዊዘርላንድ በ1935 በዳቮስ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ከካናዳ ቀጥላ ሁለተኛ ወጣች፤ በ1939 ደግሞ ሦስተኛ ሆነች። በሁለቱም ጊዜያት ከኤውሮፓ ቡድኖች ቀዳሚ ስለነበረች የኤውሮፓ ሻምፒዮንነት ማዕረግ አገኘች።

ከዚያ ጦርነት መጣ፤ የ1940ና የ1944 ኦሊምፒኮች ቀሩ። ሰላም ሲመለስ የ1948ቱ የክረምት ኦሊምፒክ እንደገና ለሴንት ሞሪትዝ ተሰጠ፤ በስፖርተኞች ሁሉ ስም መሐላውን እንዲፈጽም የተመረጠውም የከተማይቱ ልጅ ቶሪያኒ ነበር። መሐላው ግን ቀላል ሸክም አልነበረም። በዚያው ውድድር ከአሜሪካ ሁለት ተቀናቃኝ የሆኪ ቡድኖች መጥተው፣ ማን በትክክል አገሩን እንደሚወክል ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ስለ ንጹሕ ውድድር የማለው ሰው ይህ ጠብ የተነሣበት ስፖርት ተጫዋች ነበረ። ስዊዘርላንድ በመጨረሻው ግጥሚያ በካናዳ 3 ለ 0 ብትሸነፍም ሦስተኛነቱን አላጣችም። ቶሪያኒ በ20 ዓመት ልዩነት፣ በዚያችው ከተማ፣ ሁለተኛውን የነሐስ ሜዳይ ተቀበለ።

ሆኪ መጫወት ካቆመ በኋላ በአሠልጣኝነት ሠርቷል። ከዚህም በላይ በበረዶ መንሸራተቻ ጋሪ ስፖርት ተሰልፎ፣ በ1957 በዳቮስ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና የብር ሜዳይ አግኝቷል። ዕድሜው ያን ጊዜ ከ45 አያንስም ነበር።

ቶሪያኒ በ1988 አረፈ። በ1997 ዓለም አቀፉ የበረዶ ሆኪ ፌዴሬሽን የክብር መዝገቡን ሲከፍት ስሙን ከመጀመሪያዎቹ ጋር አሰፈረ። በመዝገብ የሚጻፈው የአንድ ሰው ስም ነው። የአገሩ ሕዝብ ግን ሦስቱን በአንድ ስም ጠርቷቸዋል። ከሁለቱ ክብሮች ለባለ ሙያ የሚበልጠው የትኛው እንደሆነ፣ ሥራውን ከባልደረቦቹ ጋር የሠራ ሁሉ ሊፈርድ ይችላል።