አቡል ቃሲም አል-ዘህራዊ፦ የፊትን ደም ሥሮች የቆጠሩ ሐኪም

በዛሬው የረመዳን ገጻችን የአንደሉሱን ሐኪም አቡል ቃሲም አል-ዘህራዊን እናወሳለን። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ936 አካባቢ ሲሆን፣ መጠሪያቸው በኮርዶባ አጠገብ ከተቆረቆረችው ከመዲነቱ አል-ዘህራ የመጣ ነው። የረጅም ዘመን ልምዳቸውን ያሰፈሩበት «አት-ተስሪፍ» 30 ክፍሎች አሉት። የመጨረሻው ስለ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ወደ 200 የሚጠጉ መሣሪያዎችንም በሥዕል ያሳያል።

በዚያ ዘመን ልክ እንደኛው ዋግምት፣ እየበጡ ደም ማፍሰስ የተለመደ ሕክምና ነበር። አል-ዘህራዊ ለዚህ የሚበጡትን 30 ደም ሥሮች ዘርዝረዋል፤ 16ቱ ከአንገት በላይና አንገት ላይ ናቸው። ከጆሮ ጀርባ፣ ከጆሮ ግንድ፣ ከዓይን ማዕዘን፣ ከግንባር መካከል፣ ከአፍንጫ ጫፍ፣ ከላይና ከታች ከንፈር፣ ከምላስ ሥር ይገኛሉ። የሚመታውን ከማይመታው ለይተዋል፤ ዛሬ ደም ቅዳና ደም መልስ የምንላቸው ናቸው። ደም አልቆም ሲል በጣት መጫንን፣ በክር መቋጠርንና በጋለ ብረት መተኮስን አስተምረዋል። መንጋጋ ሲሰበርም ጥርሶቹን በወርቅ ወይም በብር ክር ማያያዝን ጽፈዋል።

እንዲህ የተጠነቀቁበት ምክንያት ነበራቸው። አንድ ያልተማረ ሐኪም የአንዲትን ሴት የአንገት እብጠት ሲቀድ ደም ቅዳዋን ቆረጠው፤ ሴትየዋ እፊቱ ደሟ ፈስሶ ሞተች። ይህን አይተው በቀዶ ሕክምናው ክፍል መግቢያ ላይ አሰፈሩት።

ታሪኩ በመቱ፣ በጎሬና በቡሬ ላላችሁ ወላጆችም ቅርብ ነው። በአገራችን ብዙ ቦታ ግግ ማስወጣትና እንጥል ማስቆረጥ አልቀረም፤ ምላጩ የትኛውን ደም ሥር እንደሚያገኝ ቆራጩ አያውቅም። የፊት ደም መልስ ከዓይን ማዕዘን ተነሥቶ በአፍንጫ ጎን ይወርዳል፤ ከማኘኪያው ጡንቻ ፊት ለፊት የመንጋጋን ጠርዝ አቋርጦ ወደ አንገት ይገባል። ዓይን አጠገብ ግን ወደ ራስ ቅል ውስጥ ከሚገቡ ደም ሥሮች ጋር ይገናኛል። በአፍንጫና በላይኛው ከንፈር ዙሪያ የወጣ ብጉንጅ ሲፈርጡት ቁስሉ አልፎ አልፎ ወደ አንጎል የሚሻገረው በዚህ በኩል ነው። የመንጋጋ እብጠት ያለበት ልጅ ካለ፣ መቱ ካርል ሆስፒታል ከምላጩ ይቀድማል።

አል-ዘህራዊ በ1013 አካባቢ አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው። ከተማቸው በእርስ በርስ ጦርነት ከፈረሰች ጥቂት ዓመታት ሆኗት ነበር። መጽሐፋቸው ግን በ12ኛው ክፍለ ዘመን ቶሌዶ ውስጥ ወደ ላቲን ተተረጎመ፤ የአውሮፓ ቀዳጅ ሐኪሞችም ለብዙ መቶ ዓመታት ተማሩበት።