ገብረክርስቶስ ደስታ ከማን ወሰደ? ለማንስ ሰጠ?

በተማሪ አነጋገር «ኮረጀ» ከተባለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ፈተና ላይ የኮረጀ ወረቀቱን ይቀማል፣ የሰው ዜና የኮረጀ ጋዜጠኛ ደግሞ ስሙ ይበላሻል። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ይህን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ስንሰማ ነው የኖርነው። ሥዕልና ዲዛይን የሚማሩ ልጆች ዘንድ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። እነሱ ሌላ ሰው የሠራውን ሳያዩ መማር አይችሉም፤ ያዩትን እንዳለ እንዳይደግሙት ደግሞ ይጠበቅባቸዋል። ታዲያ ድንበሩ የቱ ጋ ነው?

ውድ አንባቢያን፣ ለዚህ ጥያቄ ያገኘሁት የተሻለ መልስ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ነው። ሰውየው የሩቅ አገር ሰው አይደለም። ከድሬዳዋ ተነስቶ የደንገጎን ዳገት የወጣ መንገደኛ ብዙም ሳይቆይ የሚደርስባት ሐረር ናት የትውልድ ከተማው። ሠዓሊና ገጣሚ ገብረክርስቶስ ደስታ ይባላል። ብዙዎቻችን በግጥሙ እናውቀዋለን፣ ሥዕሉን ግን እዚህ እኛ ጋ ያየው ሰው ጥቂት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ገብረክርስቶስ በ1932 ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ ቅዱሳት መጻሕፍትንም በሥዕል ያስጌጡ ነበር። እናቱ ወይዘሮ አፀደማርያም ወንድማገኘሁ ገና ሕፃን ሳለ ስላረፉ ያደገው በአባቱ እጅ ነው። እንግዲህ ይህ ልጅ ቀለም ምን እንደሆነ ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አላስፈለገውም ማለት ነው። የመጀመሪያው መምህሩ ቤቱ ውስጥ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ትምህርት ተማሪው የሚጀምረው የመምህሩን እጅ በመከተል ነው። የመላእክቱን ዓይን፣ የቅዱሳኑን ልብስ እጥፋት፣ የሐረጉን ጠመዝማዛ መስመር ደጋግሞ ይሥላል። እዚያ መድገም ነውር አይደለም፣ ትምህርቱ ራሱ ነው። ብዙዎቹ ሠዓሊዎች ሥራቸው ላይ ስማቸውን እንኳን አይጽፉም። የገብረክርስቶስ ዓይን የተገራው እንዲህ ካለ ዓለም ከመጡ አባት አጠገብ ነው።

ልጁ ሐረር ተማረ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ሄዶ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ቀጠለ። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲገባ ግን የያዘው ሥዕል ሳይሆን የእርሻ ትምህርት ነበር። አልጨረሰውም። በዚያን ጊዜ ጥሩ ሥራ የሚያስገኝ ትምህርት ትቶ ወደ ሥዕል መዞር ለቤተሰብም ለዘመድም ማስረዳት የሚከብድ ነገር እንደነበር መገመት አያቅትም። መቼም ዛሬም ቢሆን ልጄ ሥዕል ሊማር ነው ሲባል የሚደሰት ወላጅ ብዙ አይደለም። እሱ ግን ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ በ1957 ወደ ምዕራብ ጀርመን ተጓዘ፤ ኮሎኝ ከተማ በሚገኝ የጥበብ ትምህርት ቤትም እስከ 1961 ተማረ።

የደረሰበት ጊዜ ቀላል ጊዜ አልነበረም። ጦርነቱ ካበቃ ገና 12 ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1937፣ ናዚዎች ዘመናዊ ሥዕሎችን ከየሙዚየሙ ሰብስበው ሙኒክ ላይ ለመሳለቂያ አሳይተዋቸው ነበር። ሥዕሎቹ የተበላሸ አእምሮ ውጤት ናቸው ተብለው ነው ለሕዝብ የቀረቡት። ስለዚህ ከጦርነቱ በኋላ ለነበረ የጀርመን ወጣት ሠዓሊ ያንን የተዋረደ ሥዕል መልሶ ማየትና ከእሱ መማር የፋሽን ጉዳይ አልነበረም፣ የነፃነት ጉዳይ ነበር። ገብረክርስቶስ የገባው እዚህ ስሜት ውስጥ ነው።

ሥራቸው ለመሳለቂያ ከቀረቡት ሠዓሊዎች አንዱ ሩሲያዊው ካንዲንስኪ ነው። የገብረክርስቶስን ሥራ ያጠኑ ሰዎች ተፅዕኖ ሲያነሱ መጀመሪያ ከሚጠሯቸው ስሞችም አንዱ የእሱ ነው። የሚገርመው ካንዲንስኪም በተራው የሌላ ሰው ልጅ ነው። ሕግና ኢኮኖሚ የተማረ ሰው ሆኖ ሳለ ሞስኮ ላይ የፈረንሳዊውን የሞኔን የሣር ክምር ሥዕል አየ። መጀመሪያ ሣር መሆኑን እንኳን አልለየውም፤ ቀለሙ ግን ከአእምሮው አልወጣ አለ። በ1896 ሕጉን ትቶ ሙኒክ ገባና በ30 ዓመቱ ሥዕል መማር ጀመረ። ካንዲንስኪ ግን የሣር ክምር እየሣለ አልኖረም። ከሞኔ የወሰደው ቀለም ብቻውን፣ የሚታይ ነገር ሳይኖረው፣ ሰውን ሊነካ እንደሚችል ነው። ሕግ የተወው ሩሲያዊና እርሻ የተወው ሐረሬ በዚህ ይመሳሰላሉ።

ገብረክርስቶስ ተመርቆ፣ አውሮፓን ተዘዋውሮ አይቶ በ1962 ወደ አገሩ ተመለሰ። ከተመለሰ በኋላ ከሠራቸው ሥራዎች በጣም የሚታወቀው በ1963 የሠራው «ጎልጎታ» ነው። እኔ ያየሁት በሕትመትና በስልክ ነው፣ እንደዚያም ሆኖ ይይዛል። ቀይ ቀለም ሥዕሉን ይገዛዋል። የሰው አካል አለ፣ ግን በቀለሙ ውስጥ ሊሟሟ ትንሽ ነው የቀረው። አሁን ይህን ሥዕል ለሁለት እንክፈለው። ርዕሰ ጉዳዩ ስቅለት ነው፤ አባቱ የኖሩበት የቤተ ክርስቲያን ታሪክ። አሣሣሉ ደግሞ ከኮሎኝ የመጣ ነው። አለቃ ደስታ እንዲህ አድርገው ሊሥሉት አይችሉም ነበር። ጀርመናዊ የክፍል ጓደኛውም ቢሆን ይህን ታሪክ ከዚያ ቤት ይዞት ሊመጣ አይችልም። ሁለት መምህራን አንድ ሥዕል ላይ ተገናኙና የሁለቱም ያልሆነ ነገር ወጣ።

አገር ቤት የጠበቀው ግን ሙገሳ ብቻ አልነበረም። ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው፣ እኛን አይመስልም የሚሉ ተነሱበት። ክሱ በአንድ አረፍተ ነገር ሲጠቃለል ኮርጀሃል ነው። እሱ በበኩሉ ሥዕል የአንድ አገር ግቢ ውስጥ ታጥሮ የሚቀመጥ ነገር እንዳልሆነና ሠዓሊ ከዓለም ሁሉ የመማር መብት እንዳለው ያምን ነበር። ሰው ሊስትሮውን፣ ጎጆውንና የአገሩን ሰው እየሣለ አገሩን አታውቅም መባል ምን ያህል እንደሚያም እናንተው ገምቱት።

እኔ ግን ከሳሾቹን አንድ ነገር ልጠይቃቸው እወዳለሁ። እኛን ይመስላል የምንለው ሥዕል ራሱ ከየት መጣ? በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ብራንካሊዮን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ኢትዮጵያ መጥቶ ለረጅም ዓመታት ቤተ ክርስቲያን ሣለ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሮም ከሚገኘው የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችን ሥዕል የተቀዱ ምስሎች አገራችን ገቡ። እጆቿን አጣምራ ልጇን የታቀፈችው የዚያ ሥዕል አምሳል በጎንደር ዘመን በየአድባራቱ ተሣለ። ዛሬ ያንን አይቶ የሮም ነው የሚል አለ? የለም። ሠዓሊዎቻችን ዓይኗን፣ ቀለሟን፣ ልብሷን እየለወጡ የራሳቸው አደረጓት። ስለዚህ ጥያቄው ከውጭ መጣ ወይስ ከውስጥ የሚለው አይመስለኝም። ጥያቄው የወሰደው ሰው ምን ጨመረበት የሚለው ነው።

በ1965 ገብረክርስቶስ በሥነ ጥበብ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አገኘ። ለእኔ ግን ከሽልማቱ የሚበልጠው መምህርነቱ ነው። በ1957 ቺካጎ በተማሩት በአለ ፈለገሰላም በተቋቋመው የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለዓመታት አስተማረ። በ1966 ደግሞ እስክንድር ቦጎስያን ከፓሪስ ተመልሶ እዚያው ማስተማር ጀመረ። በአንድ ግቢ ውስጥ ከጀርመን የመጣና ከፈረንሳይ የመጣ መምህር ሲገናኙ ለተማሪው ትልቅ ዕድል ነው፤ አንዱን ብቻ አይቶ እንዳይደግም ሌላኛው ያግደዋል።

ውጤቱንም በተማሪዎቹ እናያለን። ዘሪሁን የትምጌታ እዚያ ከተማሩት አንዱ ነው። እሱ የቀርከሃ ፍልጦችን ጎን ለጎን ደርድሮ፣ ከጥንቱ የክታብና የጠልሰም ሥዕል የተነሱ ምስሎችን ይሠራባቸዋል። ሌላው ተማሪ ወሰኔ ኮስሮፍ የአማርኛ ፊደልን ይዞ ተነሳ፤ ፊደሎቹን እየዘረጋ፣ እየገለበጠ፣ እያስጨፈረ የሥዕል አካል አደረጋቸው። የሁለቱን ሥራ ከገብረክርስቶስ ሥዕል አጠገብ ብታስቀምጡት መልክ ለመልክ አይመሳሰሉም። ግን ከእሱ ወስደዋል። የወሰዱት የሚታየውን ነገር እንዳለ መገልበጥ ግዴታ አለመሆኑን ነው። እሱ ራሱም ከካንዲንስኪ የወሰደው ይህንኑ አልነበር?

ይህን ሁሉ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ግራፊክ ዲዛይን የምትማር አንዲት ጓደኛ አለችኝ። ባለፈው ዓመት የሠራችው የፖስተር ሥራ ከሌላ ሰው ሥራ ጋር ተመሳሰለ ተብሎ ሰው ፊት ተነቀፈ። ከዚያ በኋላ ምን ወሰነች መሰላችሁ? የሰው ሥራ ጨርሶ አለማየት። ስልኳ ላይ ያስቀመጠቻቸውን ምስሎች በሙሉ አጠፋች፣ ኤግዚቢሽን ስንጠራትም ቀረች። ለሳምንታት ባዶ ወረቀት ፊቷ አድርጋ ተቀመጠች። አንድ ቀንማ ትምህርቱን ልተወው ነው አለችኝ። የሰው ሥራ ባለማየት የራስ ሥራ ይመጣል ብላ ነበር፤ የመጣው ግን ባዶነት ነው።

በሌላ በኩል ያሉት ደግሞ ስልካቸውን ከፍተው በአንድ ሰዓት ውስጥ መቶ ሥዕል የሚያዩ ናቸው። ከዚህ ቀለሙን፣ ከዚያ የፊደሉን ቅርፅ ይወስዱና ለጁስ ቤት ማስታወቂያ ይሠራሉ። አሁንማ ማሽኑን አዝዘው ራሱ እንዲሥልላቸው የሚያደርጉም አሉ። እኔ እንደሚመስለኝ የእነዚህ ልጆች ችግር ብዙ ማየታቸው ሳይሆን እያንዳንዱን ጥቂት ማየታቸው ነው። ገብረክርስቶስ ኮሎኝ ውስጥ አራት ዓመት ቆየ። በአንድ ሥዕል ፊት ቆሞ ይሄ ለምን ነካኝ ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ ነበረው። መልሱን ሲያገኝ መልኩን ትቶ ምክንያቱን ይዞ መሄድ ይችላል። ለምን እንደነካው ያልጠየቀ ሰው ግን ሊወስድ የሚችለው መልኩን ብቻ ነው፣ እሱ ነው ኩረጃ የሚሆነው።

የገብረክርስቶስ መጨረሻ ያሳዝናል። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ሥዕል ሁሉ የፖለቲካ መፈክር እንዲያገለግል የሚፈለግበት ዘመን መጣ። ከሁሉም የመውሰድ ነፃነት ለሚፈልግ ሰው አንድ መንገድ ብቻ ሂድ መባል ከባድ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ አገሩን ለቆ ወጣ፤ ወደ ጀርመን፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ሄደ። በመጋቢት ወር 1981፣ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው፣ በኦክላሆማ ግዛት ሎተን በምትባል ከተማ አረፈ። ስለ አገሩ ያን ሁሉ የጻፈ ሰው አፈር የለበሰው በሰው አገር ነው።

ሥራዎቹ ግን ተመለሱ። ግጥሞቹ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርዕስ በ2006 ታትመው ወጡ። በ2008 ደግሞ አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ በስሙ የተሰየመ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ፤ ጀርመን አገር ቀርተው የነበሩ ሥዕሎቹም እዚያ ገቡ። የዛሬ ተማሪ በእሱ ፊት ሊቆም ይችላል ማለት ነው፣ እሱ በሌሎች ፊት እንደቆመው።

በመጨረሻ ከራሴ ሙያ አንድ ነገር ልዋስና ለሥዕልና ለዲዛይን ተማሪዎች ላቅርብ። ጋዜጠኛ መረጃውን ከማን እንዳገኘ ይናገራል፤ ይህን በማድረጉ ክብሩ አይቀንስም፣ እንዲያውም ይታመናል። በዓመቱ መጨረሻ ሥራችሁን ስትሰቅሉ ከሥሩ በትንሽ ካርድ ላይ የማንን ሥራ ስታዩ እንደቆያችሁና ምን እንደያዛችሁ ጻፉ። ተመልካች ሁለቱን አስተያይቶ የእናንተን ድርሻ ይፈልግ። ጓደኛዬንም ይህንኑ ነግሬያታለሁ። ለጊዜው የተስማማችው ደንገጎን ተሻግረን ሐረር ለመሄድ፣ የጀጎልን የቤት ግድግዳዎችና የስፌት ሙዳዮች ረጋ ብላ ለማየት ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ይበቃል።

ቸር ይግጠመን።