የምድሩን ክዳን ያነበበው ማክስ ስታይንኬ

በሪያድ ምዕራባዊ ክፍል፣ ከዋዲ ሐኒፋ በማይርቀው በዑረይጃ ሰፈር ለሕንፃ መሠረት የሚቆፍር መሐንዲስ አስቀድሞ ሁለት ነገር ይጠይቃል። ከሥር ያለው የኖራ ድንጋይ ድፍን ነው ወይስ ውስጡ ክፍተት አለው? የከርሰ ምድር ውኃውስ በምን ያህል ጥልቀት ላይ ይገኛል? ነዳጅን በዐለት ውስጥ በተፈለፈለ ዋሻ ለማከማቸት የሚያጠኑ ባለሙያዎችም ሥራቸውን የሚጀምሩት በእነዚሁ ጥያቄዎች ነው። በሳዑዲ ዐረቢያ ምድር ዐለትንና ውኃን አጣምረው በማጥናት ታላቅ ውጤት ካስገኙት ቀደምት ሰዎች መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሣው አሜሪካዊው የሥነ ምድር ባለሙያ ማክስ ስታይንኬ ነው።

ስታይንኬ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1898 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ነው። በ1921 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ምድር ትምህርት ተመርቆ፣ ለካሊፎርኒያ ስታንዳርድ ኦይል ኩባንያ በልዩ ልዩ አገሮች ሠርቷል። ኩባንያው ከንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ኣል ሱዑድ (አላህ ይዘንላቸው) መንግሥት ጋር የነዳጅ ፍለጋውን ስምምነት የተፈራረመው በግንቦት ወር 1933 ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ባለሙያዎች በዚያው ዓመት መስከረም ጁበይል ወደብ ደረሱ። ስታይንኬ በቀጣዩ ዓመት ተከተላቸው፤ በ1936 ደግሞ የባለሙያዎቹ ሁሉ አለቃ ሆነ።

በዚያ ዘመን የአገሪቱን የውስጥ ንብርብር የሚያሳይ ካርታ አልነበረም። በምሥራቁ ክፍል አሸዋና ጠፍጣፋ ሜዳ ዐለቱን ስለሚሸፍኑት፣ ገጹን ብቻ አይቶ ከሥር ያለውን መገመት አስቸጋሪ ነበር። ስታይንኬ ለዚህ ችግር ሁለት መፍትሔ አበጀ። አንደኛው፣ ዘይት ለማውጣት ሳይሆን የተቀበረው ንብርብር ወዴት እንደሚያዘነብልና የት ላይ እንደሚጎብጥ ለማወቅ ብቻ ጥልቀት የሌላቸውን ጉድጓዶች በብዛት ማስቆፈር ነበር። ሁለተኛው፣ በምሥራቅ የተቀበሩት ንብርብሮች ወደ ምዕራብ ከፍ ብለው ገጽ ላይ ወደሚወጡበት ወደ ነጅድ ሄዶ በዓይን ማየትና መለካት ነበር። በ1937 የጸደይ ወራት ከባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ተነሥቶ እስከ ጅዳ አገሩን አቋርጦ ተመለሰ፤ በመንገዱም የዐለቶቹን ቅደም ተከተል መዘገበ።

በእነዚህ ዓመታት የባለሙያዎቹ ዓይን ሆኖ የመራቸው ኸሚስ ኢብን ሪምሣን የተባለ የዐጅማን ጎሣ ተወላጅ ነው። ኸሚስ አንድ ጊዜ ያለፈበትን ስፍራ አይረሳም፤ የውኃ ጉድጓዶቹን በስማቸው፣ አቅጣጫውንም ያለ መሣሪያ ያውቅ ነበር። ስታይንኬ ይህን ዕውቀት እንደ ተራ መንገድ ጠቋሚነት ሳይሆን እንደ ሙያ አከበረው፤ ሁለቱም በብዙ ጉዞዎች አብረው ሠሩ። ኸሚስ በ1959 ካረፈ በኋላ አንድ የነዳጅ መስክ በስሙ ተጠርቷል።

በጥናቱ ሂደት እጅግ ጠቃሚ ከሆኑት ስፍራዎች አንዱ ከሪያድ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ኸርጅ አቅጣጫ የሚገኘው ዳሕል ሂት ነው። ይህ በገደል ሥር የተከፈተ ጥልቅ ዋሻ ሲሆን ወለሉ ላይ የከርሰ ምድር ውኃ ተኝቷል። ስታይንኬና ባልደረቦቹን የሳበው የዋሻው ግድግዳ ነበር። ዘጠና ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ይህ ዐለት አንሃይድራይት ይባላል፤ በውስጡ ውኃ የሌለው የጀሶ ዘመድ ነው። ወደ ዓባይ በረሃ በጎሃ ጽዮን በኩል የወረደ ሰው በገደሉ ላይ ጀሶን አይቶ ይሆናል። አንሃይድራይት ጥቅጥቅ ያለና ዘይትም ጋዝም የማያሳልፍ በመሆኑ፣ በምሥራቅ ምድር ሥር ተዘርግቶ ሲገኝ ከበታቹ ላለው ቀዳዳማ የኖራ ድንጋይ እንደ ድስት ክዳን ያገለግላል። ንብርብሩም እስከ ዛሬ በሥነ ምድር ሊቃውንት ዘንድ በዚሁ ዋሻ ስም «ሂት» እየተባለ ይጠራል።

ይሁን እንጂ ዕውቀቱ በገንዘብ የሚፈተንበት ቀን ደረሰ። በደማም ጉብታ ላይ የተቆፈሩት የመጀመሪያዎቹ ጉድጓዶች ተስፋ አስቆራጭ ሆኑ። ቁጥር 2 ጥሩ ጅምር አሳይቶ ቆይቶ ውኃ ቀላቀለ፤ ከእሱ በኋላ የተቆፈሩትም የሚያረካ ዘይት አልሰጡም። በታኅሣሥ 1936 የተጀመረው ቁጥር 7 ጉድጓድም ከአንድ ዓመት በላይ በብልሽትና በመዘግየት ተጓተተ። የኩባንያው ኃላፊዎች በ1938 መጀመሪያ ስታይንኬን ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ጠርተው፣ ወጪው ይቁም ወይስ ይቀጥል በሚለው ላይ አስተያየቱን እንደጠየቁት ይነገራል። እሱም ቁፋሮው እንዲቀጥል መከረ። በመጋቢት 1938 መጀመሪያ ጉድጓዱ 1,441 ሜትር ሲደርስ ዘይቱ ወጣ፤ በመጀመሪያው ቀን ከ1,500 በርሜል በላይ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደግሞ ከ3,600 በርሜል በላይ በቀን ሰጠ። ዘይቱ የተገኘው ከሂት ክዳን በታች ባለው፣ ኋላ «ዐረብ» በተባለው ንብርብር ውስጥ ነበር። በግንቦት 1939 ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ በተገኙበት የመጀመሪያዋ የነዳጅ መርከብ በራስ ተኑራ ተጫነች። ቁጥር 7 እስከ 1982 ድረስ ከ32 ሚሊዮን በርሜል በላይ ካፈራ በኋላ ተዘጋ፤ በ1999 «የበረከት ጉድጓድ» ተብሎ ተሰየመ።

ስታይንኬ የአሜሪካ የነዳጅ ሥነ ምድር ባለሙያዎች ማኅበር ከፍተኛ ሜዳሊያ በ1951 ተሸልሞ፣ በቀጣዩ ዓመት በ54 ዓመቱ ዐረፈ። ስለ ዐረቢያ ዐለቶች ከባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው ጥናት ከሞቱ በኋላ በ1958 ታተመ።

የሕይወቱ ሥራ ያስተማረው ፍሬ ነገር፣ ዘይት በምድር ውስጥ የሚቆየው ዐለቱና ውኃው ሲጠብቁት መሆኑን ነው። ክዳን ከሌለው ወደ ላይ ያመልጣል፤ ዘይት ከውኃ ስለሚቀል ደግሞ ከሥር ያለው ውኃ ወደ ላይ ገፍቶ ከክዳኑ ሥር ያከማቸዋል። ሳዑዲ ዐረቢያ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሪያድን ጨምሮ በልዩ ልዩ ስፍራዎች ለክፉ ቀን የሚሆን ነዳጅ በዐለት ውስጥ ለማከማቸት ስትነሣ፣ ሰው በእጁ የሚሠራው ዋሻም ለዚሁ ሕግ ተገዥ ነበር። እንደ ግራናይት ባለ ጠንካራ ዐለት ውስጥ ግድግዳው ያለ ብረት ልባስ ነዳጅ ሊይዝ ይችላል። ለዚህ ግን ዋሻው ከከርሰ ምድር ውኃው ወለል በብዙ ዝቅ ማለት አለበት። በስንጥቆቹ ውስጥ ያለው የውኃ ግፊት ከነዳጁ ግፊት ሲበልጥ ውኃ ወደ ውስጥ ይንጠባጠባል እንጂ ነዳጁ ወደ ውጭ አይወጣም፤ የተጠራቀመው ውኃም ከወለሉ በፓምፕ ይወጣል። ውኃው በቂ ካልሆነ ከዋሻው በላይ በተሠሩ ቀዳዳዎች ውኃ ይጨመራል፤ የውኃው ወለል ጥልቅ በሆነበት ስፍራ ደግሞ በብረት መለበጥ ግድ ይላል። ለዚህም ነው ባለሙያዎች የዐለት ናሙና እያወጡ፣ ውኃ በግፊት ወደ ስንጥቆቹ እየላኩ፣ የጉድጓዶቹን የውኃ ከፍታ ለረጅም ጊዜ እየለኩ የሚያጠኑት።

የሪያድ ምድር ይህን ጥንቃቄ አጥብቆ ይጠይቃል። በደማም ሥር ዘይት የያዘው የዐረብ ንብርብር በሪያድ አካባቢ ገጽ ላይ ይወጣል፤ በውስጡ የነበረው አንሃይድራይት ግን በዘመናት ውኃ ሟሙቶ፣ በላዩ የነበረው የኖራ ድንጋይ በየቦታው ተሰባብሮ ሰምጧል። በምሥራቅ ዘይትን የከደነው ዐለት እዚህ በውኃ ተሸንፏል ማለት ነው። በ1980ዎቹ ከከተማዋ ቧንቧዎችና የፍሳሽ ጉድጓዶች የሰረገው ውኃ የከርሰ ምድሩን ወለል ከፍ ባደረገ ጊዜም ሕንፃዎችና መንገዶች ተጎድተው ነበር። ስለዚህ ስታይንኬ በዳሕል ሂት ግድግዳ ላይ ያነበበው ትምህርት ለነዳጅ ፈላጊ ብቻ የተተወ አይደለም። ዋሻ የሚፈለፍል መሐንዲስ፣ ቤት የሚሠራ ግንበኛ፣ ቧንቧው ሲያፈስ ዝም የማይል ነዋሪም የዚህ ዕውቀት ተካፋዮች ናቸው።