ልዑል ራስ እምሩና ያልወረዱበት መንገድ

በያመቱ በዚህ መጽሔታችን ላይ ያጣናቸውን አባላት እያሰብን እንጽፋለን። ዘንድሮ ግን የዕድራችን አባል ያልነበሩትን፣ ሆኖም የኢሉባቦርን ጭቃ የረገጡትን የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴን ሕይወት ባጭሩ ማውሳት ፈለግን። ልጆቻችን ስማቸውን ሲሰሙ የንጉሥ ዘመድ ናቸው ብለው ያልፉታል። እኛ እንኳን እንዲህ በዋዛ የሚታለፉ ሰው አይመስሉንም።

ራስ እምሩ የተወለዱት በኅዳር 1885 ዓ.ም. በሐረርጌ ነው። ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉትን ተፈሪ መኮንንን የሚያንሱት በአራት ወር ብቻ ነው። በአንድ ቤት አደጉ፣ ከአባ ሳሙኤል እግር ሥር ተቀምጠው አብረው ፊደል ቆጠሩ። ልዕልት ጽጌ ማርያም በሻህን አግብተው አንድ ወንድ ልጅና በርከት ያሉ ሴቶች ልጆች ወለዱ። ሴት ልጅ ምን ትምህርት ያሻታል በሚባልበት ዘመን ሴቶች ልጆቻቸውን አስተማሩ፤ ከነሱም ወይዘሮ ዮዲት እምሩ ለአምባሳደርነት በቅተዋል። ወንዱ ልጅ ሚካኤል እምሩ በ1966 ዓ.ም. ክረምት ለጥቂት ሳምንታት ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ።

እንዲህ ያለ ቤት ያላቸው ሰው ናቸው እንግዲህ ጣልያን ሲመጣ ከጎጃም ጦራቸውን ይዘው ወደ ሽሬ የዘመቱት። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ተከዜን ተሻግረው ደምበጉና ላይ የጠላትን ታንኮች ማረኩ፣ ሰባበሩ። ኋላ ግን ጠላት ባውሮፕላን ቦምቡንና መርዙን አወረደባቸው፣ ጦሩም ተበተነ። እሳቸው ከቀረው ሰው ጋራ ጎጃም ተመለሱ፤ ከዚያም ዓባይን ተሻግረው በወለጋ በኩል ወደኛ አገር ወደ ጎሬ መጡ። ከሽሬ እስከ ጎሬ! ዛሬ በመኪና እንኳ ሲሄዱት ወገብ የሚቆርጥ ነው። የአዳራሽ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ባልቻሉት ነበር። ሰውየው የሜዳ ሰው ነበሩ።

ንጉሡ ከአገር ሲወጡ እንደራሴ አድርገው የተዉዋቸው እሳቸውን ነው፤ ጎሬም ያኔ የመንግሥት መቀመጫ ሆነች። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ልጆች ያሉበት የጥቁር አንበሳ ማኅበርም ከሳቸው ጋራ ሆነ።

አሁን ወደኛው ወደ ቡሬ እንመለስ። ከጎሬ ተነስቶ በደጃችን አልፎ ቁልቁል ወደ ጋምቤላ የሚወርደውን መንገድ የማያውቅ አባል የለንም። ያን ጊዜ ጋምቤላ ላይ የእንግሊዝ የንግድ ሠፈር ነበረ፤ ከዚያ በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ይወጣል። ነፍሱን ሊያድን የፈለገ ሰው መውጫው ይኸው የኛው መንገድ ነበር፤ ስንቱስ ወጥቶበታል! የወጡትን አንነቅፍም፣ ልጅ ያለው ሰው ነፍሱን ቢያድን ምን ይባላል? ራስ እምሩም ልጆች ነበሯቸው። እሳቸው ግን በቡሬ ቁልቁል አልወረዱም፤ ጀርባቸውን ለጋምቤላ ሰጥተው ወደ መሐል አገር አቀኑ። በኅዳር 1929 ዓ.ም. ጠላት ጎሬን ያዘ። እሳቸውን በከፋ በኩል ጎጀብ ወንዝ ላይ ከበቧቸውና በታኅሣሥ 9 ቀን እጃቸውን ሰጡ። አብረዋቸው ከተያዙት የሆለታ ልጆች ብዙዎቹን ፋሺስት ከየካቲት 12 በኋላ ፈጃቸው። እሳቸው ኢጣልያ ተወስደው ፖንዛ በምትባል ደሴት ታሰሩ። እግዜር ሲፈርድ ሙሶሊኒ ራሱ በ1935 ዓ.ም. ክረምት እዚያችው ደሴት ላይ ታሰረ።

ሰባት ዓመት ገደማ ታስረው በ1936 ዓ.ም. ለቤታቸው በቁ። በኋላ በአሜሪካ፣ በሕንድና በሶቪየት ኅብረት አምባሳደር ሆኑ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ያነሱት ሰዎች ጠቅላይ ሚኒስትር ብለው ሰየሟቸው። የመሬት አዋጅ ሳይታወጅ ገና መሬታቸውን ለጭሰኞቻቸው እንደሰጡም የታወቀ ነው።

የቀብር ነገር የዕድራችን ጉዳይ ነውና እሱን ሳንጽፍ አናልፍም። ደርግ መኳንንቱን ሲያስርና ሲገድል ራስ እምሩን አልነካቸውም። በነሐሴ 1972 ዓ.ም. በ87 ዓመታቸው ሲያርፉ በመንግሥት ደረጃ በክብር ተቀበሩ። አብሮ አደጋቸው ንጉሡ ግን በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ሲሞቱ ያለቀሰላቸው ድንኳን፣ ያጀባቸው ቀባሪ አልነበረም። አጥንታቸው በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ ወጣ፤ በወጉ የተቀበሩትም በጥቅምት 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው፤ ከታናሻቸው ከራስ እምሩ ቀብር ሃያ ዓመት ዘግይቶ።