ጉንፔ ዮኮይ፤ የማሽን ጠጋኙና አለቆቹ

የቪዲዮ ጌም የሚወድ ልጅ ያለበት ቤት የሚኖር ሰው ቦስ የምትለዋን ቃል ሳይሰማ አይቀርም። እየዘለሉ ገደልና መሰላል በሚሻገሩባቸው ጨዋታዎች፣ በየምዕራፉ መጨረሻ መንገድ ዘግቶ የሚጠብቅ ግዙፍ ባላጋራ አለ። በእኛ ቋንቋ አለቃ መሆኑ ነው። ይህን አለቃ እንዴት መጣል እንደሚቻል ለዓለም ልጆች ካሳዩት ሰዎች አንዱ፣ የሥራ ዘመኑን ከሞላ ጎደል በአንድ አለቃ ሥር ያሳለፈ ጃፓናዊ ነበር። ጉንፔ ዮኮይ ይባላል።

ዮኮይ የተወለደው በ1941 በኪዮቶ ከተማ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እዚያው ዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1965 ኒንቴንዶ ተቀጠረ። ኒንቴንዶ ያኔ የሚታወቀው በመጫወቻ ካርታ ሲሆን፣ የዮኮይም ሥራ የካርታ ማምረቻ ማሽኖቹን መጠገን ነበር። ማሽኑ ካልተበላሸ ጠጋኝ ምን ይሠራል? ዮኮይ ጊዜ ማሳለፊያ ብሎ እንደ መቀስ እየተዘረጋና እየታጠፈ ዕቃ ከሩቅ የሚይዝ ሰው ሠራሽ ክንድ ሠራ። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሂሮሺ ያማኡቺ ይህንን አዩ። በሥራ ሰዓት ሲጫወት የተገኘ ሠራተኛ የሚጠብቀው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። ያማኡቺ ግን ነገሩን ለገበያ የሚሆን አሻንጉሊት አድርጎ እንዲያወጣው አዘዙት። በ1966 ለሽያጭ የቀረበው ይህ ክንድ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፣ ጠጋኙም አሻንጉሊት ፈጣሪ ሆነ።

በ1980 ጌም ኤንድ ዎች የተባሉትን የኪስ ጨዋታዎች አወጣ። ሐሳቡ የመጣለት በፈጣኑ ባቡር ሲጓዝ፣ አንድ የሰለቸው ተሳፋሪ የሒሳብ ማሽኑን ቁልፎች እየነካካ ሲጫወት አይቶ ነው። ዛሬ በየጌሙ መያዣ ላይ የምናየው የመስቀል ቅርጽ ያለው አቅጣጫ መምሪያ ቁልፍም ከዚሁ ሥራ በ1982 የተወለደ ነው።

የአለቃው ነገር የሚመጣው በ1981 ነው። ያማኡቺ አሜሪካ ውስጥ ገዢ አጥተው የቆሙትን የጌም ማሽኖች የሚያድን አዲስ ጨዋታ ፈለጉ። ሥራውን ሺገሩ ሚያሞቶ ለተባለ ወጣት ሠዓሊ ሰጡና ዮኮይን የበላይ ተቆጣጣሪ አደረጉት። ዶንኪ ኮንግ የተሠራው እንዲህ ነው። ጎሪላው ልጅቷን ጠልፎ ሕንፃ ላይ ይወጣል፣ አናጺው በርሜል እየዘለለ ይከተለዋል። የመጨረሻውን ምዕራፍ ልብ ላለው ሰው አስገራሚ ነገር አለው። አናጺው መዶሻ ቢያገኝ እንኳ ጎሪላውን ሊመታበት አይችልም። ማድረግ የሚችለው ብረቶቹን የያዙትን ስምንት ብሎኖች አንድ በአንድ መንቀል ነው። ስምንተኛው ሲነቀል ጎሪላው የቆመበት ይናድና በጭንቅላቱ ይተከላል።

በነገራችን ላይ ይህ ጎሪላ ፍርድ ቤትም ቀርቧል። በ1982 ዩኒቨርሳል የተባለው የሆሊውድ ኩባንያ ኪንግ ኮንግን ሰርቃችኋል ሲል ኒንቴንዶን ከሰሰ። ነገር ግን ዩኒቨርሳል ራሱ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ ክርክር የኪንግ ኮንግ ታሪክ የሕዝብ ንብረት ነው ብሎ ተሟግቶ ነበር። የኒው ዮርኩ ፍርድ ቤት በ1983 ለኒንቴንዶ ፈረደ። እኛ የሕግ ሰዎች እንዲህ ያለ ከሳሽ ሲገጥመን ደስ ይለናል።

በ1986 ዮኮይ በፕሮዲውሰርነት የመራው ሜትሮይድ ወጣ። ክሬይድና ሪድሊ የተባሉት ሁለት አለቆች ሳይሸነፉ ወደ ዋናዋ አለቃ የሚወስደው መንገድ አይከፈትም። ዋናዋ፣ ማዘር ብሬይን፣ በብርጭቆ ጋን ውስጥ የተቀመጠች አንጎል ናት። ከቦታዋ አትንቀሳቀስም። አስቸጋሪዎቹ በዙሪያዋ ያሉት ተኳሾች ናቸው። ስትሞትም ነገሩ አያበቃም፤ ፈንጂ መቁጠር ይጀምራልና ሮጦ መውጣት ይከተላል። የአለቃን ጠባይ እንዲህ በትክክል የሚያውቅ ሰው መሥሪያ ቤት ውስጥ ብዙ የኖረ መሆን አለበት ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ዮኮይ ገበያ ላይም የሚዋጋው በዚሁ መንገድ ነበር። እምነቱ አዲስ ቴክኖሎጂ ማሳደድ ሳይሆን፣ ያረጀውንና የረከሰውን ባልታሰበ ሥራ ላይ ማዋል ነው። በ1989 የወጣው ጌም ቦይ ቀለም አልነበረውም። ቀለም ያላቸው ተወዳዳሪዎቹ፣ የአታሪው ሊንክስና የሴጋው ጌም ጊር፣ ስድስት ስድስት የባትሪ ድንጋይ በጥቂት ሰዓት ይጨርሱ ነበር። ጌም ቦይ በአራት ድንጋይ ከአሥር ሰዓት በላይ ይሠራል። ዋጋውም ረከስ ያለ ነበር። ከቀለም ተተኪው ጋር ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

ከዚያ ቨርቹዋል ቦይ መጣ። በ1995 የወጣው ይህ ማሽን ዓይን ተደፍቶበት የሚታይ ሲሆን፣ ቀይ ብቻ ያሳያል። ቀይ የተመረጠው መብራቱ ርካሽ ስለሆነና ባትሪ ስለሚቆጥብ ነው። ያው የቀድሞው ብልሃት መሆኑ ነው፣ አሁን ግን አልሠራም። የዋሪዮ ጨዋታው ግሩም ነበር፣ አደጋው ከሩቅ እየተወነጨፈ ወደ ተጫዋቹ ፊት ይመጣል። ሰዎች ግን ዓይናችንንና ራሳችንን አመመን አሉ። 800 ሺህ እንኳ ሳይሸጥ ተቋረጠ።

ዮኮይ በ1996 ኒንቴንዶን ለቀቀ። በዚህ ውድቀት ተገፍቶ ወጣ የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ይደጋገማል። እሱ ራሱ ግን ብቻውን የመሥራት ሐሳብ ቀደም ብሎ እንደነበረው ገልጿል። እኔም ማስረጃው ለወሬው አያደላም እላለሁ። ተባራሪ ሰው የጌም ቦይን አነስተኛ ሞዴል ለገበያ አብቅቶ አይሄድም። የሚከፋው ሌላ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያህል የሠራ ሰው ስሙ ሲነሳ ብዙዎች መጀመሪያ የሚጠሩት ያንን ቀይ ማሽን ነው።

ኮቶ የተባለ የራሱን ኩባንያ አቋቁሞ ለባንዳይ አዲስ የእጅ ጌም መንደፍ ያዘ። ኦክቶበር 4 ቀን 1997 በሆኩሪኩ አውራ ጎዳና የተሳፈረበት መኪና ከፊቱ ካለ የጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። ጉዳቱን ለማየት ወረደ፣ ሌላ መኪና ገጨው። 56 ዓመቱ ነበር።

ዎንደርስዋን የተባለው ያ ማሽን በ1999 ለገበያ ዋለ። የሚሠራው በአንድ የባትሪ ድንጋይ ነበር፣ አብሮት ከወጡት ጨዋታዎች አንዱም በእሱ ስም ጉንፔ ተብሏል።