ከማሪ ኩሪ ሕይወት ስለ ጨረር ምን እንማራለን?

ራጅ ስትነሱ ባለሙያው ማሽኑን ከማስነሳቱ በፊት ከክፍሉ የሚወጣው ወይም ከመከላከያ ግድግዳ ጀርባ የሚቆመው ለምን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? መልሱን ከማሪ ኩሪ የሕይወት ታሪክ እናገኘዋለን።

ማሪ እ.ኤ.አ. በ1867 በፖላንድ ዋና ከተማ ዋርሶ ተወለደች። በ1891 ለትምህርት ወደ ፓሪስ አቀናች፤ በ1895 የፊዚክስ ተመራማሪውን ፒየር ኩሪን አገባች። ባልና ሚስቱ በ1898 ፖሎኒየምና ራዲየም የተባሉትን ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮች አገኙ። ማሪ በ1903 በፊዚክስ፣ በ1911 ደግሞ በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀበለች።

ፒየር በአንድ ወቅት ራዲየም ክንዱ ላይ ለሰዓታት አስሮ ሞክሮ ነበር። ቆዳው ተቃጠለ፤ ቁስሉ ግን ከሳምንታት በኋላ ጠባሳ ትቶ ዳነ። ይህ ሕዋስን የማጥፋት ኃይል ራዲየም ለካንሰር ሕክምና እንዲውል በር ከፈተ።

ማሪ ግን ለጨረር የተጋለጠችው አንድ ቀን ብቻ አልነበረም። ለዓመታት ራዲየምን ያለ በቂ መከላከያ ስትነካካ ኖራለች። በአንደኛው የዓለም ጦርነትም የራጅ መሣሪያ በመኪና አስጭና፣ ከልጇ ከአይሪን ጋር ቁስለኞችን ታነሳ ነበር። ቁስለኛው ራጅ ተነስቶ፣ ጥይቱ ያለበት ቦታ ታውቆለት ይሄዳል፤ እሷ ግን ለሚቀጥለው ቁስለኛ እዚያው ትቆማለች።

ውሎ አድሮ ጣቶቿ ቆሰሉ፣ ዓይኖቿም በሞራ ተጋረዱ። በመጨረሻ መቅኒዋ በቂ ደም ማምረት ተሳነውና በ1934 በ66 ዓመቷ አረፈች። አይሪንም በ1956 በደም ካንሰር ሞተች።

ጨረር የሕዋስን ዘረ መል ይጎዳል። ጉዳቱ አነስተኛ ከሆነ ሰውነት አብዛኛውን ይጠግነዋል። ሲደጋገም ግን ሳይጠገን ወይም ተዛብቶ ተጠግኖ የሚቀረው ይጠራቀማል፤ ከዓመታት በኋላ ለካንሰር የመጋለጥ ዕድልንም ይጨምራል። በየቀኑ ብዙ ሰው የሚያነሳው ባለሙያ ከክፍሉ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሐኪም ያዘዘላችሁን ራጅ አትፍሩ፤ ጥቅሙ ከጉዳቱ ያመዝናል። ነገር ግን ሳይታዘዝላችሁ አትነሱ። የቀድሞ ፊልሞቻችሁን አስቀምጡ፤ ሌላ የጤና ተቋም ስትሄዱም ይዛችሁ ሂዱ። ሲቲ ስካን ከአንድ የደረት ራጅ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጨረር ስላለው፣ ከዚህ በፊት ተነስታችሁ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩ። እርጉዝ የሆናችሁ ወይም የምትጠራጠሩ እናቶች አስቀድማችሁ አሳውቁ። አልትራሳውንድና ኤምአርአይ ግን እንዲህ ዓይነት ጨረር አይጠቀሙም።

ለካንሰር የጨረር ሕክምና የጀመራችሁ ደግሞ ይህን አንብባችሁ ሕክምናውን እንዳታቋርጡ። መጠኑ ተከፋፍሎ ለሳምንታት የሚሰጠው ጤነኛው ሕዋስ በየመሐሉ እንዲያገግም፣ የካንሰሩ ሕዋስ ግን እንዲጠፋ ታስቦ ነው። የተሰጣችሁን ቀጠሮ ሁሉ አክብሩ።